ዳገቱን በሩጫ፣ ሜዳውን በእርምጃ

ጦሳ ተራራ ሥር፣ ደሴ፣ በእኛ ሰፈር ከሰው አፍ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች። ከአቅሙ በላይ ድንኳን ጥሎ ለሚድር ትነገራለች። ሳሎኑን አሳምሮ ልጆቹን ጓዳ መሬት ላይ ለሚያስተኛም ትነገራለች። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ሲሰማት ከጥንት ከአያት ቅድመ አያት የወረደች ይመስለዋል። ወዲያ! ተናጋሪዋ ዛሬም በሕይወት አሉ። የተነገረችለትም ሰው ያው እዚያ ታች፣ ከቦኖ ውኃው አጠገብ ይኖራል። ሲሰማት ፊቱን ያዞራል እንጂ አይቆጣም። ምን ብሎ ይቆጣል?

አበጋዝ ይመር የዱቄት ፋብሪካ ጥበቃ ነበር። ጥበቃ ሲባል ጠመንጃ ነክሶ የሚያድር ጀግና እንዳይመስላችሁ፤ «ክፈት» ሲሉት የሚከፍት፣ «ዝጋ» ሲሉት የሚዘጋ ሰው ነው። በዚያ በር ላይ ጎረመሰ፣ በዚያው በር ላይ ሸበተ። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ነበር ቤት የሚገባው። ሌላ ሙያ የለው፣ የሚያርሰው መሬት የለው። ባለቤቱ ዘይነባ ወገቧን ካመማት ወዲህ ከገበያ ቀርታለች፤ ልጃቸው ረምላ ደግሞ ገና ተማሪ ናት። እንግዲህ የቤቱ ምሰሶ ያቺው የፋብሪካ በር ናት።

ታዲያ አንድ ቀን ሌባ ከመጋዘኑ አንድ ጆንያ ዱቄት ተሸክሞ በጠራራ ፀሐይ አጥር ዘለለ። ጥበቃዎቹ ተከተሉት። አንዱ ቦይ ውስጥ ገባ። ሌላው፣ ከድር የሚባለው፣ ከበሩ ሳይርቅ ትንፋሽ አጥሮት ተቀመጠ። አበጋዝ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሌባው ወዴት እንደሄደ ላለፈ ላገደመው በጣቱ ያሳይ ነበር። ሌባው ጆንያውን እንደተሸከመ አመለጠ። በባዶ እጁ የሮጠው ቆሞ፣ የተሸከመው ማምለጡ ነው ሥራ አስኪያጁን ያንገበገበው።

በማግስቱ ሁሉንም ሰብስቦ ተናገረ። «ኅዳር ላይ ኳስ ሜዳው ላይ እፈትናችኋለሁ። ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ፍጠኑ አላልኩም፤ እንደ ኤሊም ብትሄዱ ግድ የለኝም። ብቻ ሳትቆሙ፣ ሳትራመዱ፣ እየሮጣችሁ ጨርሱ። ያልቻለ ሌላ ሥራ ይፈልግ።»

አበጋዝ ያን ቀን ማታ ከበሩ እስከ ቦኖው ሮጦ ሞከረው። ሲመለስ ልቡ ጆሮው ውስጥ ነበረች። ነገሩ እንደማያዋጣ ሲያውቅ፣ ትምህርት ቤት ስፖርት የምታስተምረውን የጎረቤቱን ልጅ ሰሚራን ፍለጋ ሄደ።

«ሰሚራ፣ ለሰው አትንገሪብኝ እንጂ ሩጫ አስተምሪኝ።»

«ማን ሊያሳድድዎት ነው ጋሼ?»

«ሥራ አስኪያጁ።»

ሳቀች፤ ነገሩን ሲያስረዳት ግን ሳቋን ዋጠችው። «እንግዲያው ጊዜ አለን። ለጀማሪ የሚሆን ሥርዓት አለ። በሳምንት ሦስት ቀን ይወጣሉ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ እንደገና ሶምሶማ፣ እንደገና እርምጃ። ሳምንቱ በጨመረ ቁጥር ሶምሶማው ይረዝማል፣ እርምጃው ያጥራል። ኅዳር ሲገባ እርምጃው ራሱ ይጠፋል።»

«አንድ ደቂቃ? አንድ ደቂቃማ ዝናብ ሲመጣም እሮጣለሁ።»

«እሱኑ በሥርዓት ይሩጡት። እየሮጡ ማውራት ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው፣ ይቀንሱ። ደግሞ ይስሙኝ፤ መንገድዎ ዳገት አለው። ዳገቱን በእርምጃ ይውጡ፤ ሜዳው ላይ ይሩጡ። እርምጃው ስንፍና እንዳይመስልዎት። እሱም የሩጫው ሥራ ነው።»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አለ አበጋዝ። ይህን ቃል ሁለት ጊዜ የሚደግም ሰው ብዙ ጊዜ አልገባውም።

ከአበጋዝ ቤት ወደ ኳስ ሜዳው የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያው ዳገት ነው፤ ግራና ቀኙም ሰው ነው። ዳቦ ቤቱ፣ የእትዬ ሙሉነሽ የቲማቲም ጉልት፣ የልብስ ሰፊው የተሰማ የስፌት መኪና፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የባጃጅ ተራ። ከተራው ወዲያ መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ይሆናል። በአንድ በኩል የመቃብሩ አጥር፣ በሌላ በኩል ገደል። እዚያ ከፍየልና ከሙታን በቀር የሚያይ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ከሱብሂ ሶላት መልስ ሸራ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ዳቦ ቤቱን አለፍ ሲል አንድ ደቂቃዋን ጀመራት። እትዬ ሙሉነሽ ቲማቲሟን ስትደረድር ቀና ብላ አየችው። በእኛ ሰፈር ትልቅ ሰው በማለዳ የሚሮጠው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

«ውይ! ማን ሞተ?»

አበጋዝ «ስፖርት ነው» ሊላት አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ከየት ይምጣ? እጁን ብቻ አወናጨፈ። እሷ ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ የሞተ መሰላት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ታች ሮጠች። አበጋዝ ጨርሶ ሲመለስ ሴቶቹ ደጁ ላይ ተኮልኩለው ያለቅሳሉ፤ ዘይነባም ለማን እንደምታለቅስ ሳታውቅ አብራ ታለቅሳለች። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው። የቅሬው ዳኛ አያ ሙሄም ድንኳን ለማስወጣት የቅሬውን ዕቃ ቤት አስከፍተው ደርሰዋል።

አያ ሙሄ ነገሩን ሲሰሙ መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው «አበጋዝ» አሉት፤ «ሁለተኛ ስትሮጥ አስቀድመህ አስነግር።»

ሰፈሩ ያን ቀን ሙሉ ሲስቅ ዋለ። ምስጢሩም በዚያው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ መሮጡን ሁሉም ለመደው። ያልለመደው መራመዱን ነው። አበጋዝ አንድ ደቂቃዋን ሮጦ ሁለት ደቂቃውን መራመድ ሲጀምር፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ከቆሙት ባጃጆች መካከል ቶፊቅ የሚባለው ሹፌር አንገቱን ያወጣል።

«ጋሼ፣ ነዳጅ ጨረሱ እንዴ? እንጎትትዎት?»

«ተወው» ይላል ተሰማ ከስፌት መኪናው ላይ፤ «ማርሽ እየቀየረ ነው።»

የሰላምታውም ጣጣ አለ። የእኛ ሰው ሰላምታ አንዱን ጎትተህ ስታበቃ ሌላው እንደሚከተል እንደ ባቡር ፉርጎ ነው። እንዴት አደርክ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ ልጆቹ ደህና፤ የሌለህ ከብት ሳይቀር ይጠየቅልሃል። የሚሮጥ ሰው እጁን አንሥቶ ቢያልፍ ይቅር ይባላል። የሚራመድ ሰው ግን ምን ሰበብ አለው? መቆም አለበት። አበጋዝ አንድ ማለዳ ሁለቱን ደቂቃ ሊራመድ ብሎ ከእትዬ ሙሉነሽ ጋር ሲጠያየቅ ፀሐይ ሞቀች። በማግስቱ ሳይቆም ቢያልፋት ደግሞ «አበጋዝ ሩጫ ከጀመረ ወዲህ ኮራ» ተባለ።

ቆዩና መላ መጣላቸው፤ ለእሱና ለይሉኝታው። ሰው ባለበት ይሮጣል፤ ሰው በሌለበት ይራመዳል። ሰው ያለው ደግሞ ዳገቱ ላይ ነው። ሰው የሌለው ሜዳው ላይ ነው። ሰሚራ ያዘዘችው በትክክል ተገለበጠ።

ሰፈሩ ተደነቀ። በሦስተኛው ሳምንት ገና ጀማሪ የሆነው አበጋዝ ያን ዳገት ከሥር እስከ ጫፍ እየሮጠ ወጣ። ቶፊቅ ጥሩምባውን ነፋ። «አብሽር ጋሼ! አብሽር!» ተሰማ የስፌት መኪናውን አቁሞ አጨበጨበ። እትዬ ሙሉነሽ በዚያ «ማን ሞተ?» ባለችበት አፏ እልል አለች።

አበጋዝም ያን ጊዜ ከዚህ በፊት የማያውቀውን ነገር ቀመሰ። ስንት ዓመት በር ላይ ሲቆም ማንም ጎበዝ ብሎት አያውቅም። የሚገባውም የሚወጣውም በሩን ያያል እንጂ በረኛውን ማን ያያል? አሁን ግን ገና ብቅ ሲል ሰው ሥራውን ጥሎ ያየዋል። ሰው ለካ በሙገሳ ይሰክራል። እንደ ጠላ ቢሆን ደግ ነበር፤ ጠላ ቢያንስ ሲነጋ ይበርዳል።

ከተራው አልፎ የመቃብሩ አጥር ሲጋርደው ግን ያ ሁሉ ጀግንነት ያልቅ ነበር። አጥሩን ተደግፎ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ላቡ በጀርባው ይንቆረቆራል። ከዚያ እየተጎተተ እስከ ኳስ ሜዳው ተራምዶ ይመለሳል። ተራው ሲቃረብ ደረቱን ነፍቶ እንደገና ይበራል፤ ቁልቁለቱን በተረከዙ እየደበደበ ቤቱ ይደርሳል። አንድ ቀን ሜዳው ላይ የታዘዘውን ሊሮጥ ሞከረ። ጥቂት እንደሄደ ቆመ። የሚያየው ከሌለ እግሩ አልሰማ ብሎታል።

ተረከዙ መጀመሪያ አሳከከው፤ ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ደረቀበት፤ ኋላ አበጠ። ዘይነባ ሞቅ ባለ ውኃ እያሸች ታየው ነበር።

«እቤት ስትገባ ታነክሳለህ፣ ደጅ ስትወጣ ትበራለህ። እግርህ ሰው ይመርጣል እንዴ?»

«ሊድን ሲል ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

«በሩጫ የዳነ እግር የት አየህ? አበጋዝ፣ ልጅቷ ትምህርቷን ሳትጨርስ በርህን እንዳትዘጋብን።»

«አንቺ ደግሞ! ሰፈሩ ሁሉ ያየውን አንቺ ብቻ አታዪም?»

«እኔማ የማየው እብጠቱን ነው» አለች ዘይነባ፤ ውኃውን ይዛ ወጣች።

አንድ ቅዳሜ ሰሚራ ኳስ ሜዳው ላይ ተማሪዎቿን ስታሠራ፣ አበጋዝ በመቃብሩ አጥር በኩል እየተራመደ ሲመጣ አየችው።

«ጋሼ፣ ሜዳው ላይ ምነው በእርምጃ?»

«አሁን ገና ጨርሼ ነው።»

«እሺ፣ ሳይቆሙ ስንት ደቂቃ ደረሱ?»

«እንደነገርሽኝ ነው።»

«እስቲ አብረን እንሩጥ፤ ቀስ ብለን፣ እያወራን።»

እያወሩ ጀመሩ። የአጥሩን እኩሌታ ሳያልፉ ወሬው የእሷ ብቻ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ሩጫውም የእሷ ብቻ ሆነ። ተመልሳ መጣችና ጎንበስ ብላ ተረከዙን በጣቷ ነካ ስታደርገው፣ ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ዘለለ።

«ዳገቱን ሲሮጡት ነው የከረሙት፣ አይደል?»

አበጋዝ እግሩን ወደ ኋላ ሸሸገ።

«ይህ ጅማት ተቆጥቷል። ሁለት ሳምንት ይረፉ። ከዚያ ከመጀመሪያው እንነሣለን፤ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ኅዳር ገና ነው፤ እንደርሳለን።»

«ወደ ኋላ ልመለስ? ልራመድ? በቶፊቅ ፊት?»

«ደመወዝ የሚከፍልዎት ቶፊቅ ነው?»

አበጋዝ ሳቀ። እውነት ሲነግሩት የሚስቅ ሰው ያስፈራል፤ ሰሚራም ፈርታ ነበር፤ ግን ለአባቷ እኩያ ከዚህ በላይ ምን ትላለች?

የሆነ ሆኖ አንድ ሁለት ቀን አረፈ። በሦስተኛው ቀን ቶፊቅ ባጃጁን ደጁ ላይ አቁሞ ጥሩምባ ነፋ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ሳቅ ካለበት የማይጠፋ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ጠፉ እኮ! ተራው ጭር አለ። አሞዎት ነው ወይስ ተዉት?»

«ተዉት» የምትለዋ ቃል እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለችው። በማግስቱ ተረከዙን በጨርቅ ጠፍሮ አስሮ ዳገቱ ላይ ተገኘ። እልልታው ከፊተኛው የበለጠ ሆነ። ሰሚራ ሁለት ጊዜ ቤቱ መጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘይነባን «የለም በያት» ብሎ ጓዳ ገባ።

ፈተናው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ያ ማለዳ መጣ። አበጋዝ ከአልጋው ሲወርድ ጀምሮ ተረከዙ ሲጮህበት ነበር። ለዛሬ በእርምጃ አልፋለሁ፣ ሰው ከጠየቀኝም አቅሜን ለፈተናው እያጠራቀምኩ ነው እላለሁ ብሎ ወጣ። ጥሩ ውሸት ነበረች፤ ብትነገር ኖሮ ታድነው ነበር። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ግን ቶፊቅ ባጃጁን ሰው ጭኖ ከጎኑ ቀጥ አደረጋት።

«ዛሬ ውድድር ነው! ዱቄት ፋብሪካ ከባጃጅ ተራ! ያልሰማህ ስማ!»

ተሳፋሪዎቹ አጨበጨቡ። ተሰማ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ። ዳቦ ቤቱ ዱቄት በዱቄት የሆኑ ሠራተኞቹን ወደ ደጅ ተፋ። አበጋዝ ያን ሁሉ ዓይን አየና ውሸቷን ረሳት።

ሮጠ። አሮጌዋ ባጃጅ ጭነቷ ከብዷት አቃሰተች፤ ጥቁር ጭስ ተፋች። መታጠፊያው ላይ አበጋዝ አለፋት። ሰፈሩ ጮኸ። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ጩኸት ለእሱ ተጮኾ አያውቅም። በዚያው ቅጽበት አንድ ነገር ተረከዙን ከኋላ «ቷ!» አድርጎ መታው።

ዘወር አለ። «ማነው ድንጋይ የወረወረብኝ?»

ማንም አልወረወረም። ሰው ግን መቀለዱ መስሎት በሳቅ ፈረሰ። አበጋዝ አንድ እርምጃ ሊቀጥል እግሩን አነሣ፤ ሲያሳርፈው እግር አልነበረም። በእጁና በጉልበቱ ተደፋ።

«አብሽር ጋሼ! ይነሡ! ትንሽ ነው የቀረዎት!»

እየተጨበጨበለት ወደቀ፤ ከወደቀም በኋላ ጭብጨባው ቶሎ አልቆመም።

ሆስፒታል «ጅማቱ ተበጥሷል» ተባለ። ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ጀሶ፣ ከዚያ ወራት በአልጋ።

ፈተናው በቀጠሮው ቀን ተካሄደ። ሌባው ባመለጠ ቀን በሩ አጠገብ የተቀመጠው ከድር ሆዱ ከአበጋዝ ይበልጥ ነበር። እሱ ሲለማመድ የከረመው ከመጋዘኑ ጀርባ ነው፤ የቀን ሠራተኞቹ እያዩት፣ እየሳቁበት፣ ሲሮጥም ሲራመድም እየተሰደበ። የፈተናው ቀን ሌሎቹ ጨርሰው ጃኬታቸውን ደርበው ሲያበቁ ከድር ገና ይዞር ነበር። ሥራ አስኪያጁ እያዛጋ ጠበቀው። ከድር ግን አልቆመም፣ አልተራመደም። በማግስቱ በሩ ላይ ተገኘ።

ዘይነባ ወገቧን ይዛ ፋብሪካው ሄደች። «እስኪድን ጠብቁት፤ እግሩን የሰበረው ለእናንተ ፈተና ሲል ነው» ብላ ለመነች።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ አልተናገራትም። «እናቴ፣ ለፈተናው ሲለማመድ ቢሆን እኔም ባሰብኩበት ነበር» አላት። «ግን ከባጃጅ ጋር ሲሽቀዳደም ነው የወደቀው አሉ። ከተማው ሁሉ ያወራል እኮ።»

በአበጋዝ ቦታ አንድ ወጣት ተቀጠረ። ረምላ ትምህርቷን ወደ ማታ አዛውራ ቀን ቀን ዳቦ ቤቱ ገባች።

የሰፈሩ ሰው ደግ ነው፤ በሽተኛ መጠየቅ አይሰንፍም። ብርቱካኑን፣ ስኳሩን፣ ሙዙን ይዞ ይመጣል። አንድ እሑድ ቶፊቅም፣ ተሰማም፣ እትዬ ሙሉነሽም፣ አያ ሙሄም አንድ ላይ ገጠሙ። መጀመሪያ ፋብሪካውን ረገሙ። ቀጥሎ ዶክተሩን አሙ። ከዚያ ያው ወደ ዳገቱ ተመለሱ።

«እንደው ግን ጋሼ ሲበሩ!» አለ ቶፊቅ። «ባጃጄ እስከ ዛሬ አፍራ ነው ያለችው።»

«እኔ መርፌ ጣቴን ወግቶኝ እንኳ አልተሰማኝም» አለ ተሰማ።

አበጋዝ ትራስ ላይ የተሰቀለውን እግሩን ረስቶ ቀና አለ፤ ፊቱ በራ። «መታጠፊያው ላይ ስቀድማት አይታችኋል? እዚያች መታጠፊያ ላይ?»

ዘይነባ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ከክፍሉ ወጣች።

አበጋዝ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አያ ሙሄ፣ አንቱም አይተውኛል አይደል?»

አያ ሙሄ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ። እግሩን አዩት፤ ፊቱን አዩት።

«አየሁህ እንጂ ልጄ» አሉ። «ሁላችንም አየንህ። ዓይናችን ጠገበና፣ በደህና እግራችን እየተራመድን ወደየቤታችን ገባን።»

ቶፊቅ አቀረቀረ። ከጓዳ የዘይነባ የታፈነ ሳል ተሰማ፤ ሳል ግን አልነበረም። ሽማግሌው ወደዚያው በኩል እያዩ፣ ለአበጋዝ ይሁን ለሁላችን ሳይለዩ ጨመሩ፦ «ለሰው ዓይን የሮጠ፣ ለራሱ እግር ያጣል።»